የጥቁሯ እንጉርጉሮ

ሰኞ 3

ይሄን ደብተር ሽማግሌው ነው የሰጠኝ፣ ዛሬ ከሰዓት ሥራውን ለማየት ቤቱ ስሄድ። የባቡር ሰው ሳይጽፍ አይሠራም፣ የሠራኸውን በየቀኑ ጻፍ አለኝ። እሺ አልኩት። ለሱ ግን አላሳየውም፤ ስለዚህ የፈለግኩትን ነው የምጽፍበት። ከትምህርት ጋር የተለያየነው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ፊደል ብገድፍ የሚያርመኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት የኤሌክትሪክ ጥገና ሱቃችን መጣች። ነርስ ነች፤ ሲስተር ነው የምንላት። አባቷ፣ ደብተሩን የሰጠኝ ሽማግሌ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል የሞላ ትንንሽ ባቡር ሠራ፤ ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ ሁሉም በእጁ። አሁን ልቡ ደክሟል። አምስት ደቂቃ መቆም ያቅተዋል፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ደግሞ ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ናቸው። እዛው ክፍል ካለው አልጋው ሳይነሳ በሪሞት እንዲነዳው ነው የምትፈልገው። አለቃዬ ዞር ብሎ የሱቁን ልጆች ቃኘ። እሷ ሳትጨርስ እጄን አወጣሁ። ታውቀዋለህ ወይ አለኝ። አብጠርጥሬ አልኩት። አንዴ ስልክ ላይ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ለኔ እሱ ይበቃኛል።

በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። "ፊውዝ" ነው የሚሉኝ። እኔ ባልኖር ሱቁ ይቃጠል ስለነበር ነው የሚመስለኝ። እነሱ ሌላ ምክንያት አላቸው።

ሲስተር በር ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። በሚቀጥለው ወር አስራ አንድ ለልብ ቀዶ ጥገና ይገባል። ሐኪሙ ግማሽ በግማሽ ነው ብሏል። ከዛ በፊት ባቡሩን እንዲነዳው ነው ሐሳቧ። አታስቢ አልኳት።

ማክሰኞ 4

ከጠዋት ጀምሮ ሐዲዱ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ስር። ጀርባዬ አለቀ። ከላይ ስታየው አገር ነው፤ ከስር ሲታይ የሽቦ ጫካ። ሽቦው ሁሉ ጥቁር ነው፣ ካረጀ ባቡር የተነቀለ። የድሮው አሠራር ሐዲዱን አስራ ስድስት ቦታ ይቆራርጠዋል፤ መብራት የሰጠኸው ቁራጭ ላይ ያለው ባቡር ብቻ ይሄዳል። እኔ የማስገባው ሌላ ነው። መብራቱ ሐዲዱ ላይ ሁሉ ሁሌም አለ። ባቡሮቹ ሆዳቸው ውስጥ ጥፍር የምታህል ካርድ ትገባላቸዋለች። ካርዷ ቁጥር አላት። ሪሞቱ ሦስት ተነሺ ካለ ሦስት ብቻ ትነሳለች፣ ሌሎቹ ጆሯቸውን አይቀስሩም።

ሽቦዎቹ ላይ አሮጌ ክር ተቋጥሯል። አንዱ ላይ ሁለት ቋጠሮ፣ አንዱ ላይ አምስት፣ አቧራ የጠጣ። በምላጭ ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁት። አንድ ፌስታል ወጣው። እኔ ስሠራ ንጹሕ ነው የምወደው።

ረቡዕ 5

ክሩ ቆሻሻ አልነበረም።

ራሴ ነኝ እየተኩራራሁ የነገርኩት፤ ጋሼ ያን ሁሉ ክር አጸዳሁልዎት ብዬ። ከዛ ነው የነገረኝ። ቋጠሮው ቁጥር ነበር። ጠረጴዛ ስር ተጋድሞ ጨለማ ውስጥ ሲሠራ ዓይን ስለማይረዳው በጣቱ ይቆጥረዋል። ሁለት ቋጠሮ ሁለተኛው ቁራጭ፣ አምስት ቋጠሮ አምስተኛው። የሃያ ዓመት ሥራ በአንድ ምላጭ።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን መዝገብ አምጣ አለኝ። የብልሽት መዝገብ ይለዋል። ለያንዳንዱ ብልሽት ሁለት መስመር አለው፤ "ያገኘው" እና "ያጠፋው"። የላይኛውን እሱ ጻፈ። የታችኛውን ያጠፋው ሰው ራሱ በእጁ ነው የሚጽፈው፣ ሌላ ሰው አይጽፍለትም አለኝና መዝገቡን ገፋልኝ። የኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው። "ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ፊውዝ።" ብዬ ጻፍኩ። ራቅ አድርጎ አየው።

"ይነበባል" አለኝ። "ይበቃል።"

በቃ፣ አለቀ። ሁለተኛ አላነሳውም። አስራ ስድስቱንም በቴስተር አንድ በአንድ ፈልጌ አገኘኋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ወር ይፈጅበታል።

ዓርብ 7

ሽማግሌው ሲያንቀላፋ መዝገቡን አገላበጥኩ። ሰውዬው ቤት ውስጥ ብቻውን ነው የሚጫወተው፣ ግን እንዲህ ይላል፦ "ድልድዩ ላይ ፉርጎ ወደቀ። ያገኘው፦ እኔ። ያጠፋው፦ እኔ።" ገጽ ሙሉ እንደዚህ። ራሱን ለራሱ የሚከስ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ ነቃ።

በእውነተኛው ባቡር እንደዚህ ነው አለኝ። አንዱ ሹፌር ለሌላው ሲያስረክብ ያበላሸውን ይጽፋል። ካልጻፈ ተረካቢው ፍሬን አለኝ ብሎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ከዛ ወደ ግድግዳው ዞረ። ወሬው ያለቀ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ሰኞ 10

ቀለበቱ አስቸገረኝ። ሐዲዱ ጫፍ ላይ ዞሮ ራሱ ላይ የሚመለስበት ቦታ አለ። ባቡሩ እዛ ሲገባ ሁሉም ነገር ድርግም። ኮንታክት። ሦስት ሰዓት ታገልኩ። ሽማግሌው ከአልጋው ሆኖ፣ እዛ ጋ ዞሮ ሲመጣ ቀኙ ሐዲድ ከግራው ጋር ይገጥማል፣ ለብቻው ቆርጠህ መብራቱን የሚገለብጥ ነገር አድርግለት አለኝ። ሳያየኝ። በድምፅ ብቻ። አደረግኩ፣ ሠራ። ትንሽ ቢታገሰኝ ራሴ እደርስበት ነበር።

ረቡዕ 12

አረንጓዴዋ ባቡር ሄደች። ከአልጋው ሆኖ ሦስት ቁጥርን ተጫነ፣ ተነሳች፣ ድልድዩን ተሻግራ ጣቢያው ላይ ቆመች። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ባቡሩ ግን አይንቀጠቀጥም። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷን አዙራ ወደ ኩሽና ሄደች። እኔ ምን አልኳችሁ።

የቀረችው ጥቁሯ ናት።

ቅዳሜ 15

ጥቁሯ ጨሰች።

ካርዷ ተቃጠለች። ሞተሩም።

ሽማግሌው ተኝቷል። ሲስተር ሥራ ናት። መስኮት ከፈትኩ።

ማንም አላየም።

እሁድ 16

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ጥፋቱ የመመሪያው ነው። በማላውቀው ቋንቋ ነው የተጻፈው፣ እኔ የማየው ሥዕሉን ነው። ሥዕል ሦስት ላይ ሞተሩ ከብረቱ ተለይቶ ይታያል። ለማሳያ ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ለዩት ማለታቸው ነው። ጥቁሯ ደግሞ ሽማግሌው ከባዶ የሠራት ናት፣ የሞተሩን አንድ እግር ከአካሏ ጋር በይዶታል። የሐዲዱ መብራት በአካሏ በኩል ገብቶ ካርዷን በላት፤ ሞተሩ እስክነቅለው ድረስ ሲግል ቆየ። ይሄ ማንም ላይ ይደርሳል።

ሐሙስ ዕለት "ጥቁሯን መጨረሻ አድርጋት፣ ከመክፈትህ በፊት ጠይቀኝ" ብሎኝ ነበር። መድኃኒት እየዋጠ ስለነበር በደንብ አልሰማሁትም።

ሰምቼዋለሁ። ግን መጠየቅ ማለት አላውቅም ማለት ነው።

አባቴ ዕቃ ሲሰብር እማዬን ነበር የሚቆጣት። እኔ እንደሱ አይደለሁም። እኔ ማንንም አልተቆጣሁም።

ሰኞ 17

ሱቅ ካለው የውዳቂ ካርቶን ውስጥ ከተሰበረ ፕሪንተር ሞተር አወጣሁ። ልክክ አለ። ሞተሩን በናስትሮ ጠቅልዬ ከአካሏ ለየሁት፣ አዲስ ካርድ አስገባሁ። ሄደች። ከድሮው ይሻላል፤ ፈጣን ነው፣ ድምፅ የለውም፣ አይግልም። እንደውም ውለታ ነው የዋልኩላቸው።

ሲስተር ሻይ ይዛ መጣች። ጥቁሯን ጠረጴዛው ላይ አይታ ቆመች። ይቺ የእናቴ ናት አለች። እናቷ ከኩሽና የማይጠፋ ቴፕ ነበራቸው። ሲሞቱ ቴፑን የሚከፍተው ጠፋ፤ አባቷ ሞተሩን አውጥቶ ጥቁሯ ውስጥ አስገባው። ስትሄድ እም እም የሚል ድምፅ አላት፣ እማዬ ታንጎራጉራለች እንላለን አለች።

አላውቅም ነበር። ሞተሩ ላይ አልተጻፈም።

ሻዩን ሳልጠጣ ነው የወጣሁት፤ ቸኩዬ ነው።

ማክሰኞ 18

ዛሬ ጥቁሯን ነዷት። ትራስ ደገፍ አድርገንላቸው፣ ሰባት ቁጥርን ተጫኑ። ተነሳች። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ሐዲዱን ነው የማየው፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ዙር አዞሯት። ከዛ አቆሟት።

"ዝምተኛ ሆነች" አሉ።

"አዲሱ አሠራር ነው ጋሼ፣ ድምፅ የለውም።"

"አዲሱ አሠራር" አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አላወቁም።

ሐሙስ 20

አለቃዬ በደንበኛ ሁሉ ፊት ያወራልኛል። ሲስተር መጥታ አመስግናለች። አዲሱ ሆቴል ላይ የመብራቱን ሥራ አንተ ነህ የምትመራው አለኝ። ልጆቹ ዛሬ ፊውዝ አላሉኝም፣ "ኢንጂነር" አሉኝ፤ እያሾፉ ቢሆንም ጥሩ ነው የሚሰማው።

ጋሼ ጥቁሯን አይነኳትም። አረንጓዴዋን ብቻ ነው የሚነዱት። ለምን አልኳቸው። ትንሽ ትረፍ አሉኝ።

ሲስተር ኮሪደር ላይ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ለእህቷ መሰለኝ። "መነጽሩን አምጪ፣ መዝገቡን አምጪ ይለኛል። ትራሱ ስር አድርጎት ነው የሚተኛው። ምን እንደሚጠብቅ አላውቅም" ትላለች።

የታመመ ሰው የማያደርገው ነገር የለም።

ሰኞ 24

አረንጓዴዋ መታጠፊያው ላይ ከሐዲድ ወጣች። እኔ ነኝ የገፋኋት፣ በክርኔ። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ወግ ነውና ልጻፍ ብዬ ምስማሩ ጋ ሄድኩ። ባዶ ነው። ትዝ አለኝ፣ ትራስ ስር ነው።

"ጋሼ፣ አረንጓዴዋን ጣልኳት። መዝገቡን ይሰጡኛል?"

"ይቆይ" አሉ። "ያላለቀ አለ። እሱ ሳያልቅ ሌላ አይጻፍም።"

የድሮ ነገር ይሆናል።

ረቡዕ 26

ሥራው አልቆ የለም እንዴ፣ እዛ ቤት ምን ትሠራለህ አለኝ አለቃዬ። ጥቃቅን ነገር ቀርቷል አልኩት። የሐዲድ መቀያየሪያዎቹን በሪሞት አድርጌያለሁ። የጣቢያዎቹን መብራት አስተካክያለሁ። የተቆረጡትን ቋጠሮዎች መልሼ ቋጥሬያለሁ፣ አስራ ስድስቱንም፣ በአዲስ ክር። ማንም አላዘዘኝም። አሁን ሽቦው የሚጠቅም ባይሆንም እዩት ብዬ አንዱን አስነካኋቸው። በአውራ ጣታቸው ቆጠሩት። "ዘጠኝ" አሉ። ዘጠኝ ነው። ፈገግ አሉ፣ ከዛ ቆይተው ፊቴን አዩኝ። አንድ ነገር እንድናገር የሚጠብቁ ይመስል ነበር። ስለ ሆቴሉ ሥራ አወራኋቸው።

ሰኞ፣ አዲሱ ወር ገባ፣ 1

የተቃጠለውን ሞተር አልጣልኩትም። ኪሴ ውስጥ ነው። ለትምህርት ያህል ምሳ ሰዓት ላይ ፈትቼ የውስጡን ሽቦ እንደ አዲስ ልጠመጥምለት ሞከርኩ። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል። ተበጠሰ። እንደገና። ተበጠሰ።

ዓርብ 5

ሱቅ ውስጥ ሞተር የሚጠመጥመው ሰውዬ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር አድርጎ ገለበጠው። የማን ነው አለኝ። ውዳቂ ነው አልኩት። "ለውዳቂ አራት ቀን ምሳህን የምትዘለው?" አለና መለሰልኝ። ውስጡ ቀልጧል አለ። "ይሄ ሞቷል ወንድሜ፣ ቅበረው።"

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሰኞ 8

ለቀዶ ጥገናው ሦስት ቀን ቀራቸው። ጋሼ እግራቸው አብጧል። ሲናገሩ በመካከል ያርፋሉ። አረንጓዴዋንም ዛሬ አልነዱም። ሪሞቱ ደረታቸው ላይ ነበር።

እማዬ ማታ ሳህኑን አየችና "ይሄ ልጅ መብላት ትቷል፣ ሴት ይዞት ነው" አለች። ሴት ነው አልኳት። የትኛዋ አለች። ጥቁሯ አልኳት። ደስ አላት። 

ብናገር ምን ይጠቅማል። ልባቸው ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ሐኪም ነኝ እንዴ። ቢሰሙና አንድ ነገር ቢሆኑስ። እኔ ለሳቸው ብዬ ነው። ይሄን ከዚህ በፊት ጽፌዋለሁ መሰለኝ። ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፣ አልጻፍኩትም። በልቤ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ ማለት ነው።

ረቡዕ 10

በዝርዝር ልጻፈው፣ ስለማልተኛ።

ከሰዓት ሄድኩ። ሲስተር ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር፤ ፒጃማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የጥርስ ብሩሽ። ጋሼ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ አንገታቸው ድረስ ተቆልፎ። ና ተቀመጥ አሉኝ። ነገ እሄዳለሁ፣ መስመሩ ያለ ሰው አይቀርም፣ ዛሬ አስረክብሃለሁ አሉ። ለኔ። ሲስተር ከሻንጣው ቀና ብላ አየችን፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

እሺ አልኳቸው። ሪሞቱን ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉ። ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። እጄ ግን ሪሞቱ ጋ አልሄደም፣ ኪሴ ገባ። ሞተሩን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬው ነበር፣ መቼ እንደጠቀለልኩት አላስታውስም።

አልገለጡትም። በአውራ ጣታቸው በጨርቁ ላይ ዳበሱት፣ ክሩን እንደሚቆጥሩት አድርገው።  

"ሳትጠይቀኝ ከፈትካት" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ልትጠግነው ሞክረሃል?"

"አራቴ። አልሆነም።"

ከትራሱ ስር መዝገቡን አወጡ። መጨረሻው ገጽ ላይ አሉኝ። ከፈትኩ። የመጨረሻው ጽሑፍ ያለፈው ወር 18 ይላል። የሳቸው እጅ ነው፣ እየተንቀጠቀጠ የተጻፈ፦ "ጥቁሯ። ሞተሯ ሌላ ነው። ያገኘው፦ እኔ።" ከሱ ስር "ያጠፋው፦" ይላል። ከዛ ባዶ ነው። ከዛ በኋላ አንድም አልተጻፈም።

በጣቴ ቆጠርኩት። ሃያ ሁለት ቀን።

ለምን አልጠየቁኝም አልኳቸው። ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ አርፈው መለሱልኝ።

"እኔ አንድ ቀን አልጻፍኩም ነበር። ፍሬኑ መበላሸቱን እያወቅኩ። ተረካቢዬ ባንተ ዕድሜ ነበር።"

  እርሳሱን ሰጡኝ።

"ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ቀይሬ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ፊውዝ።" ሁለት ጥፋት ስለሆነ መስመሩ አልበቃኝም፣ ወደ ዳር ተጣመመ። መነጽራቸውን አድርገው ራቅ አድርገው አዩት።

"ይነበባል" አሉ።

ይበቃል እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም። ሪሞቱን አንስተው ሰባት ቁጥርን ተጫኑ። ጥቁሯ ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ተነሳች። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፣ እሷም ጸጥ ያለች ናት። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ልብ ያልኩት፤ በአልጋው በኩል ስታልፍ እም እም የሚል ይሰማል። ካርዷ ልትቃጠል ነው ብዬ ደንግጬ ጎንበስ አልኩ። ባቡሯ አይደለችም። እሳቸው ናቸው፣ አፋቸውን ገጥመው።

አራት ዙር አዞሯት። አልጋው አጠገብ ያለው ጣቢያ ላይ አቆሟት።

"አሁን ይበቃል" አሉኝ።

ለሲስተርም ነገርኳት፣ በሩ ላይ። ሻንጣውን ይዛ ቆማ ሰማችኝ። ስትናደድ ቅንድቧ ይነሳል። ተነሳ። ከዛ ነገ አራት ሰዓት ላይ ሻንጣውን የሚሸከም ሰው እፈልጋለሁ አለችኝ።

ሐሙስ 11

ሻንጣ ተሸከምኩ።

አለቃዬ ፈቃድ ሳትጠይቅ ቀረህ፣ የሆቴሉን ሥራ ለሌላ እሰጣለሁ አለ በስልክ። ስለ ሞተሩም ነገርኩት፣ አንዴ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ። ስልኩን ዘጋው።

ዓርብ 12

ሲስተር ደወለች። ቀዶ ጥገናው አልቋል። ገና አልነቁም። ዛሬም ላይነቁ ይችላሉ፣ እስኪነቁ የሚታወቅ ነገር የለም አለች። ድምፅዋ ውስጥ እንቅልፍ የለም። ቁልፉ ጎረቤት ነው፣ ገብተህ መስኮቶቹን ክፈትልኝ አለች።

ገብቼ ከፈትኩ። አልጋው ተነጥፏል። ጥቁሯ ያቆሟት ቦታ ናት። አላንቀሳቀስኳትም። ሪሞቱን ቻርጅ አድርጌ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት። የአረንጓዴዋን መውደቅ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤ ያገኘው፦ እኔ፣ ያጠፋው፦ እኔ። ብቻዬን ነበርኩ። አላሳቀኝም።

ከዛ አዲስ ገጽ ገለጥኩ። "መስመሩን ተረክቤያለሁ። ፊውዝ።" ከስሩ ደግሞ "መልሶ የተረከበ፦" ብዬ ጽፌ ባዶ ተውኩት። መዝገቡን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ።

እሳቸው ሃያ ሁለት ቀን ጠብቀዋል። እኔ ከማንም በላይ መጠበቅ እችላለሁ።